ወንበሩን ማን ይረከባል?

በውጭ አገር ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤት ሊያገለግል የሚሄድ መምህር አስቀድሞ «ስመለስ ሥራውን ማን ይረከባል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

እንግሊዛዊው ሚስተር ኬሪ ፍራንሲስ በኬንያ የአልያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1962 መርተዋል። በ1963 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ከመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች በርከት ያሉት የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የነበሩ ናቸው። እርሳቸው ግን ርእሰ መምህርነቱን ለቀው በናይሮቢ ድሆች ሠፈር፣ በፑምዋኒ፣ በ1966 እስኪሞቱ ድረስ ተራ መምህር ሆነው አስተማሩ።

ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ያሳሰበው አደራውን ለታመኑ ሰዎች እንዲያስተላልፍ ነው። ስለዚህ የምንልከው መምህር ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የአገሩን ተወላጅ ከአጠገቡ ይዞ ያሠልጥን፤ ማስተማሩን ብቻ ሳይሆን ሒሳቡንና ውሳኔውንም ያካፍለው። የውጭ ሰው ሲሄድ የሚዘጋ ትምህርት ቤት ገና ሥር አልሰደደም።