ሆዱ ሞልቶ የሚከሳ ከብት

መስከረም ላይ ከአሶሳ ከተማ ወጣ ላለ ሰው፣ ሰንበሌጡ ውስጥ የገባ በሬ ከቀንዱ በቀር አይታይም። የዚያ አገር ሳር እንዲህ ነው። በየካቲት ግን ያው ሳር ደርቆ እንጨት ይሆናል፤ እሳት የበላውም ብዙ ነው። ከብቱ ቀኑን ሙሉ ሲግጥ ውሎ፣ ሆዱ ተወጥሮ ጎድኑ እየተቆጠረ ወደ ቤቱ ይገባል። ብዙ ሰው ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ ይወቅሳል። ገንዲ በእርግጥ የቤንሻንጉል ጉሙዝ ከብት ብርቱ ጠላት ነው፤ ሆኖም ገንዲ ያልነካውም ከብት በበጋ ይከሳል። የጎደለው ሳር ሳይሆን ሳሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው።

ላም የበላችውን ሳር የምታብላላው ብቻዋን አይደለም። ጨጓራዋ ውስጥ ዓይን የማያያቸው፣ ቁጥራቸው የማይታወቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ጭረት የበዛበትን ሳር ሰባብረው ጉልበትና ወተት እንዲሆን የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። እነሱም ምግብ ይሻሉ። መኖው ከደረቅ ክብደቱ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ከሌለው ይደክማሉ። እነሱ ሲደክሙ የተበላው ሳር ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ ቦታ ካልለቀቀ ደግሞ ላሟ ሌላ መጨመር አትችልም። ያረጀ የበጋ ሳር ፕሮቲኑ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። ሆዷ ሞልቶ የምትራበው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ የጥራጥሬ ዘመድ የሆነ መኖ ነው፦ ላብላብ፣ ስታይሎ፣ የእርግብ አተር። አንድ የላብላብ ተክል በአበባው ጊዜ ከነሥሩ ነቅላችሁ አፈሩን አራግፉት። ሥሩ ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ እባጭ በጥፍር ስትሰነጥቋት ውስጧ እንደ ሥጋ ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ናት፤ ውስጧ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ። የላብላብ ቅጠል በፕሮቲን የሚከብረው በዚህ ነው።

ሒሳቡን እንየው። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች። ሁሉም 4 በመቶ ፕሮቲን ያለው ሳር ከሆነ የምታገኘው 240 ግራም ነው። ከዚያ 2 ኪሎውን 18 በመቶ ፕሮቲን ባለው ላብላብ ብንተካው 520 ግራም ይደርሳል፤ ድብልቁም ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። ካልሲየሙም አብሮ ይጨምራል።

ታዲያ ላብላቡን ብቻ ለምን አንዘራም? ጉልበት የሚሰጠው ጭረትና ብዛት ያለው ሳሩ ላይ ነው። ደግሞም አንዳንድ የጥራጥሬ መኖ ለጋውን ከነጠሉ በባዶ ሆድ የበላ ከብት ሆዱ ሊነፋ ይችላል፤ ከሳር ጋር ሲሆን አደጋው ይቀንሳል።

የአሶሳ ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ለአልፋልፋ አይመችም፤ ስታይሎ ግን ይችለዋል። ለሳሩ ወገን ሮደስ፣ ደሾና ብራካሪያ አሉ። የሮደስ ዘር ደቃቅ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ዘር ያለውን ላብላብ ሳሩ ከበቀለ በኋላ በመስመር መሐል መዝራት ይሻላል፣ አለዚያ ሐረጉ ያፍነዋል።

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው በአጨዳ ነው። ሳሩ ዘር እስኪያፈራ ከተጠበቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሳሩ ራስ ማውጣት፣ ላብላቡም ማበብ ሲጀምሩ ማጨድ ያስፈልጋል። ድርቆሹን በጠራራ ፀሐይ አብዝቶ ማገላበጥም ቅጠሉን ያረግፋል፤ ቅጠሉ ከረገፈ የቀረው አገዳ ነው። ጠዋት ጠሉ ሳይለቅ ገልብጡት፣ ሲደርቅም ዝናብና ምስጥ ከማይደርስበት ቆጥ ላይ ከምሩት።

የመኖ ዘር ለማግኘት ለሚቸገር አርሶ አደርም መነሻ አለ፦ ለውዝ። ከለቀማ በኋላ ማሳ ላይ ተጥሎ የሚቀረው የለውዝ ሐረግ ራሱ የጥራጥሬ መኖ ነው። ዘንድሮ አታቃጥሉት፤ ሻጋታ እንዳይነካው አድርቃችሁ ለየካቲት ከማሽላው አገዳ ጋር አስቀምጡት።