ከጋምቤላ እስከ ዲማ
በምግብ ቤትና በቡና ቤት የሚታይ የንግድ ሁኔታ

ለሥራ ጉዳይ ወደ አንድ አገር ሄዶ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ የሚሰነብት ነጋዴ፣ የገበያውን ጠባይ በሚገባ መርምሮ ለመመለስ ጊዜ አይበቃውም። ይሁን እንጂ በምግብ ቤት መብላቱ፣ ማታም በቡና ቤት አረፍ ማለቱ አይቀርም። አስተዋይ ለሆነ ሰው ማዕዱ ራሱ እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው። የቀረበለት ነገር ከየት እንደ መጣ፣ በምን እንደ ተጓዘ፣ ሳይበላሽ እንዴት እንደ ቆየና ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ቢጠይቅ፣ ለሸቀጡ የሚጠቅም ብዙ ዕውቀት ያገኛል። ይህም በጋምቤላ ክልል በግልጽ ይታያል።

የጋምቤላ ከተማ ከመነሻዋ የንግድ ከተማ ናት። በ1894 ዓ/ም በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው የወሰን ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ፈቅዶ ነበር። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጨውና ጨርቅ እያራገፉ፣ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና እየጫኑ ይመለሱ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ/ም ነጻ ስትወጣ ግን የኪራዩ ዘመን ተፈጸመ። ዛሬ የከተማይቱ ስንቅ በወንዝ ሳይሆን በመቱና በጎሬ በኩል በሚወርደው መንገድ በካሚዮን ይገባል።

ይህ መንገድ የምግብ ቤቶቹን ዋጋ የሚወስን ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ ጋምቤላ 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለእንጀራው የሚሆነው ጤፍ ከደጋው ይመጣል። ቢራውም እንዲሁ ነው። የበደሌ ቢራ ፋብሪካ በዚሁ መንገድ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ የጭነት ኪራዩ ከአዲስ አበባ ከሚነሣው ያነሰ ነው። ቢሆንም ቢራ የሚሸጥ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ 24 ጠርሙስ የያዘው ሣጥን ባዶውን መመለስ አለበት። ካሚዮኑ ሲወርድም ሲወጣም ጠርሙስ ይጭናል፤ የተሰበረውም በባለቤቱ ሒሳብ ይገባል። ሙቀቱ ጽኑ በሆነበት አገር ያልቀዘቀዘ ቢራ ፈላጊ የለውም። ስለዚህ በቡና ቤት የተቀመጠ አስመጪ ከመጠጡ ይልቅ ማቀዝቀዣውን ቢመለከት፣ መብራት ሲጠፋም ባለቤቱ ምን እንደሚያደርግ ቢጠይቅ፣ በዚያ አገር የሚፈለገው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ይረዳል።

አገሩ ከራሱ የሚያወጣውም ሀብት ጥቂት አይደለም። በቆሎና ማሽላ ይበቅልበታል፤ በመዠንግር ጫካ የሚቆረጠው ማር የታወቀ ነው። ባሮም ዓሣ ይሰጣል። ነጭ ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛ ከዚሁ ወንዝ ይጠመዳሉ፤ በጠዋት የተጠመደውም ለምሳ ተጠብሶ ይቀርባል። መንገደኛው በማዕድ የሚያመሰግነው ይህ ዓሣ ግን ለአጥማጁ የጭንቀት ምክንያት ነው። በረዶና ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ እስከ ማታ ያልተሸጠ ዓሣ ወይ በርካሽ ይሰጣል፣ ወይ ደርቆ ይቀመጣል። በደጋው ከተሞች ደግሞ በጾም ወራት ዓሣ የሚፈልግ ሰው ይበዛል። አንዱ ዘንድ ዕቃው ሲበላሽ ሌላው ዘንድ ፈላጊው ባዶ እጁን ይመለሳል። በመካከላቸው የጎደለው የበረዶ ቤትና ቀዝቃዛ ዕቃ የሚጭን ካሚዮን ነው። ይህን ለማቆም የሚደፍር ነጋዴ ራሱን ጠቅሞ አጥማጁንም ከኪሳራ ያድነዋል።

ወደ ክልሉ ደቡብ ሲኬድ ሁኔታው ይለወጣል። ዲማ በደቡብ ሱዳን ወሰን፣ በአኮቦ ወንዝ አካባቢ ያለች የወርቅ አገር ናት። ብዙ ሰው በባህላዊ ዘዴ አፈር እያጠበ ወርቅ ያወጣል። ሰገሌ በተባለው ስፍራም አኮቦ ሚነራልስ የተባለ ኩባንያ በማዕድን ሥራ ተሠማርቷል። ወደ ዲማ የሚሄድ መንገደኛ በሚዛን ተፈሪ በኩል ቢያልፍ የቡናን አገር አቋርጦ ይደርሳል።

በዲማ የምግብና የቡና ቤት ንግድ ከወርቁ ጋር የተያያዘ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ/ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ለወርቅ በብር የሚከፈለው ዋጋ ከፍ ብሏል። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋም አብሮ ስለ ጨመረ፣ የአምራቹ ትርፍ ሁሉ በእጁ ቀርቷል ማለት አይደለም። ወርቅ ደግሞ እንደ ደመወዝ ቀን ቆጥሮ አይመጣም። ዛሬ ያገኘ ሰው ለጓደኞቹ ሁሉ ይከፍላል፤ ያላገኘ ግን በዱቤ ይበላል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ዱቤውን ሳይሰበስብ ከባለሱቁ ዘይትና ስኳር በዱቤ ይወስዳል፤ ባለሱቁም ከጅምላ ሻጩ ዘንድ ዕዳ አለበት። በመጨረሻ የአንድ ጉድጓድ መንጠፍ ወርቅ አይቶ በማያውቅ ሰው ሒሳብ ላይ ይታያል።

ስለዚህ ወደ ዲማ ዕቃ በዱቤ ለመላክ ያሰበ ነጋዴ፣ በመጀመሪያው ማታ የቡና ቤቱን መሙላት አይቶ አይታለል። ከዚያ ይልቅ በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ምግብ ቤት ገብቶ፣ ከተስተናገዱት ሰዎች በእጁ የሚከፍለው ስንቱ፣ በደብተር የሚጻፍበትስ ስንቱ እንደ ሆነ ይቁጠር። ስፍራው የወሰን አገር በመሆኑም፣ ስለ መንገዱ ጸጥታ አስቀድሞ ከወረዳው ሹማምንት ይጠይቅ። የመጀመሪያውን ጭነት አነስተኛ አድርጎ የላከና ገንዘቡ እስኪገባ የታገሠ ነጋዴ፣ ሁለተኛውን ጭነት ያለ ሥጋት ይልካል።