የስካይሪም የአንደኛ መደብ እይታ ሞዶች

የስካይሪም የአንደኛ መደብ እይታ ሞዶች «ዘ ኤልደር ስክሮልስ 5፦ ስካይሪም» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ በተጠቃሚዎች የተሠሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ናቸው። ዓላማቸው ተጫዋቹ የጨዋታውን ዓለም በገፀ ባሕርዩ ዓይን ሲያይ የገፀ ባሕርዩን አካልም እንዲያይና በጨዋታው ይበልጥ እንዲመሰጥ ማድረግ ነው። ሞድ ማለት ከጨዋታው አምራች ውጭ ያሉ ሰዎች የጨዋታውን መልክ ወይም አሠራር ለመለወጥ የሚያዘጋጁት ፋይል ነው።

ዳራ

ስካይሪም በቤተስዳ ጌም ስቱዲዮስ ተሠርቶ ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2011) ለገበያ ቀረበ። ተጫዋቹ በሁለት ዓይነት እይታ መጫወት ይችላል። በአንደኛ መደብ እይታ ካሜራው በገፀ ባሕርዩ ዓይን ቦታ ይሆናል፤ በሦስተኛ መደብ እይታ ደግሞ ከጀርባው ሆኖ መላ አካሉን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2012 ድርጅቱ «ክሪኤሽን ኪት» የተባለውን ማዘጋጃ ሶፍትዌር በነጻ ስለለቀቀ የሞድ ሥራ በፍጥነት ተስፋፋ።

በአንደኛ መደብ እይታ የገፀ ባሕርይን አካል ማሳየት በስካይሪም ዙሪያ የተጀመረ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ትሬስፓሰር» ተጫዋቹ ቁልቁል ሲመለከት የገፀ ባሕርይዋን አካል ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ሚረርስ ኤጅ» ደግሞ ሯጯ እጅና እግሯን እያየች እንድትሮጥ አድርጓል።

የመነሻው ጨዋታ ጉድለት

በመጀመሪያው ስካይሪም በአንደኛ መደብ እይታ የሚታዩት ሁለት እጆችና የያዙት መሣሪያ ብቻ ናቸው። ተጫዋቹ ወደ መሬት ሲያይ እግርም ሆነ ደረት የለውም። ምክንያቱም ጨዋታው ለዚህ እይታ ለብቻው የተዘጋጀ የእጅ ቅርጽ፣ አጽምና እንቅስቃሴ ስለሚጠቀም ነው። ይህ አሠራር እጆቹን ለካሜራው በሚመች ቦታ ለማስቀመጥ ይረዳል።

ሁለተኛው ጉድለት የእይታው መቋረጥ ነው። ገፀ ባሕርዩ ፈረስ ሲጋልብ ወይም በብረት መቀጥቀጫው ላይ ሲሠራ ካሜራው በግድ ወደ ውጭ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ በገፀ ባሕርዩ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ተመልካች ይሆናል።

አሠራር

ችግሩን ለመፍታት ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው መንገድ የአንደኛ መደብ እጆችን እንዳሉ ትቶ የሦስተኛ መደብ አካልን ከሥራቸው መጨመር ነው። «ኢንሃንስድ ካሜራ» እና ከእርሱ የቀጠለው «ኢምፕሩቭድ ካሜራ» በዚህ መንገድ መሥራት ይችላሉ።

ሁለተኛው መንገድ የሦስተኛ መደብ አካልን ብቻ አሳይቶ ካሜራውን ከራሱ ጋር ማያያዝ ነው። «ኢመርሲቭ ፈርስት ፐርሰን ቪው» የተባለው ሞድ ይህን ያደርጋል። በፈረስ ላይና በሥራ ጠረጴዛም ቢሆን እይታው አይቋረጥም።

ካሜራው በራስ ውስጥ ሲቀመጥ የፊቱ ውስጠኛ ገጽ፣ ጥርሱና ፀጉሩ እይታን ይጋርዳሉ። ስለዚህ ሞዱ ራሱን ከእይታ ይሰውረዋል። በዚህ የተነሣ የገፀ ባሕርዩ ጥላ አንዳንድ ጊዜ ያለ ራስ ሊታይ ይችላል።

ሌላው ጉዳይ የቅርብ ርቀት ገደብ ነው። ጨዋታው ለካሜራው እጅግ የቀረበን ነገር ስለማይስል ደረትና ትከሻ ተቆርጠው ሊታዩ ይችላሉ። ገደቡን ዝቅ ማድረግ ይህን ያስተካክላል፤ ነገር ግን የጥልቀት ስሌቱ ለሩቅ ነገሮች ትክክለኛነቱ ስለሚቀንስ ተራሮች መብለጭለጭ ይጀምራሉ። ተጠቃሚው በሁለቱ መካከል የሚስማማውን መምረጥ አለበት።

በምናባዊ እውነታ መነጽር በሚሠራው የስካይሪም ስሪት ደግሞ «ቪአርአይኬ» የተባለው ሞድ ከመነጽሩና ከሁለቱ የእጅ መቆጣጠሪያዎች ቦታ ተነሥቶ የቀረውን አካል አቀማመጥ ያሰላል።

የእይታ ስፋት እና ማቅለሽለሽ

የእይታ ስፋት በስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው የዓለም ክፍል በዲግሪ ሲለካ ነው። በኮምፒውተር የስካይሪም መነሻ ስፋት 65 ዲግሪ ነው። ስክሪን አጠገብ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ጠባብ በመሆኑ ብዙዎች ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ያደርጉታል። ከዚህ በላይ ሲሰፋ የስክሪኑ ዳርቻ የተለጠጠ ይመስላል።

ካሜራው ከራስ ጋር ሲያያዝ በእያንዳንዱ እርምጃ ይወዛወዛል። ዓይን እንቅስቃሴ እያየ ውስጣዊው ጆሮ ግን ሰውነት መቀመጡን ሲናገር አንዳንድ ሰዎች የማዞርና የማቅለሽለሽ ስሜት ይይዛቸዋል። «ሚረርስ ኤጅ» ዓይን የሚያርፍበት ትንሽ ነጥብ በስክሪኑ መሀል ያኖረው ይህን ለመቀነስ ነው። በአንጻሩ «ኢመርሲቭ ኤችዩዲ» የተባለው የስካይሪም ሞድ ማነጣጠሪያውን ነጥብና ኮምፓሱን ይደብቃል። ስለዚህ ተመስጦን የሚጨምር ለውጥ ሁሉ ምቾትን ይጨምራል ማለት አይደለም። ማቅለሽለሽ የሚሰማው ተጫዋች የካሜራውን ውዝዋዜ መቀነስ፣ ነጥቡን መመለስና ቶሎ ቶሎ ማረፍ ይጠቅመዋል።

በውጊያም ጊዜ ገደብ አለ። የሦስተኛ መደብ የእጅ እንቅስቃሴ ከሩቅ እንዲታይ የተሠራ ስለሆነ ቀስትና ሰይፍ ከስክሪኑ መሀል ሊርቁ ይችላሉ፤ ማነጣጠርም ያስቸግራል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተጫዋቾች መሣሪያ ሲመዘዝ የመነሻው እጆች እንዲመለሱ ያደርጋሉ።

አጫጫን እና ጥንቃቄ

እነዚህ የካሜራ ሞዶች ከጨዋታው ዋና ፕሮግራም ጋር በቀጥታ ስለሚገናኙ «ስካይሪም ስክሪፕት ኤክስቴንደር» የተባለውን አጋዥ ሶፍትዌር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከጨዋታው ስሪት ጋር የግድ መጣጣም አለባቸው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ጨዋታው በ10ኛ ዓመቱ ሲታደስ በዚህ አጋዥ ሶፍትዌር ላይ የተመሠረቱ ብዙ ሞዶች ለጊዜው መሥራት አቁመዋል።

ከጭነት በፊት የሴቭ ፋይሎችን ቅጂ ማስቀመጥ፣ ጨዋታው በራሱ እንዳይታደስ ማድረግ እና ሞዶቹን አንድ በአንድ እየጫኑ መሞከር ይመከራል። ሁለት የካሜራ ሞዶችን በአንድ ላይ መጫን ግን ሁለቱም አንዱን ካሜራ ለመቆጣጠር ስለሚሞክሩ ብዙውን ጊዜ ግጭት ይፈጥራል። «ሞድ ኦርጋናይዘር 2» ሞዶችን ከጨዋታው ፎልደር ለይቶ ስለሚያስቀምጥ ችግር የፈጠረውን ሞድ ዋናውን ጨዋታ ሳይነኩ ማውጣት ያስችላል።