ትንንሽ ቅርጻ ቅርጾችን በቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ስለማንሣት

በካኩማ ካምፕ ከእንጨትና ከሸክላ ትንንሽ ቅርጻ ቅርጽ እየሠሩ ኑሯቸውን የሚደጉሙ ወገኖች አሉ። ከካምፕ ወጥቶ ዕቃን ገበያ ማድረስ ቀላል ባለመሆኑ፣ በናይሮቢም ሆነ ከዚያ ርቆ ያለ ገዢ ሥራቸውን የሚያየው ብዙውን ጊዜ በፎቶግራፍ ብቻ ነው። በእጁ ሊዳስሰው አይችልም። ስለዚህ ሳምንት ሙሉ የተለፋበት ቅርጽ በአንድ ደብዛዛ ፎቶ ምክንያት ሳይሸጥ ሊቀር ይችላል። ለሥራው የሚያስፈልገን ደግሞ ብዙ አይደለም፤ አንድ የእጅ ስልክ፣ አንድ መብራት፣ ነጠላና ነጭ ካርቶን ይበቃሉ።

በመጀመሪያ የስልኩ ፍላሽ ይጥፋ። ፍላሹ ያለው ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ ቅርጹን ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ጥላውም ከኋላው ይደበቃል። ጥላ ከሌለ የአፍንጫው ከፍታ፣ የዓይኑ ጉድጓድና የመሮው ዱካ አይታዩም። ብርሃን ከጎንና ከፍ ካለ ቦታ ሲመጣ ግን ዓይን እንደ እጅ ይዳስሳል።

የብዙዎቻችን ቤት መስኮቱ ጠባብ በመሆኑ ከሁሉ የሚሻለው በሩ ነው። ከጧቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ወይም ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማትገባበት በር አጠገብ ቅርጹን ከደጃፉ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ እናስቀምጥ። የቱርካና ፀሐይ በቀጥታ ካረፈችበት የበራው ወገን ከልክ በላይ ይነጣል፣ ጥላው እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ ካሜራውም ሁለቱን ባንድነት መያዝ ያቅተዋል። ሌላ በር ከሌለ ነጠላ መጋረድ ነው። ብርሃኑ በጨርቁ ስፋት ሁሉ ተበትኖ ስለሚገባ የጥላው ጠርዝ ይለሰልሳል። ባለ ቀለም ጥለቱ ግን ወደ ዳር ይሁን።

ማታ ለሚያነሣ ሰው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፋኖስ ይበቃል። እዚህም መብራቱን ከጎን አድርጎ በመካከሉ ነጠላውን መወጠር ነው። የጋለ አምፖል ወይም የነዳጅ ኩራዝ ከሆነ ግን ጨርቅ ፈጽሞ አይጠጋው፤ ከፎቶ ቤት ይበልጣል። ጨለመ ካልን ሁለተኛ መብራት ከመፈለጋችን በፊት ያለውን እናስጠጋው፤ የመብራቱ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ቅርጹ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳልና። የቀን ብርሃንና ቢጫ አምፖል ባንድነት መጠቀምም አይበጅም፤ ቅርጹ በአንድ ወገኑ ሰማያዊ፣ በሌላው ቢጫ ሆኖ ይወጣል።

በጨለመው ወገን ነጭ ካርቶን ብናቆም ከመብራቱ የመጣውን ብርሃን መልሶ ጥላውን ያሳሳዋል። ከቅርጹ ኋላ ደግሞ ያልተጨማደደ ወረቀት በግድግዳው ላይ አስደግፈን እስከ ጠረጴዛው እንዘርጋው፤ እንደ ቅስት ይጉበጥ እንጂ አይታጠፍ። ለጥቁር እንጨት ነጭ ወረቀት ከመረጥን ካሜራው በነጩ ተታሎ ቅርጹን ያጨልመዋል። በስልኩ መስታወት ላይ የቅርጹን ዓይን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ቡናማ ካርቶን ግን ከዚህ ድካም ያድናል።

ስልኩን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጉ አሉ። እንዲህ ሲሆን የቅርጹ ፊት ያብጣል፣ ጆሮዎቹ ይሸሻሉ። ራቅ ብሎ በስልኩ ማቅረቢያ ሁለት እጥፍ ማቅረብ ይሻላል። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ስልኩን በጣሳ ወይም በድንጋይ አስደግፎ ራሱ በ2 ወይም በ10 ሴኮንድ እንዲያነሣ ማዘዝ ይቻላል። ሌንሱ አቧራ አያጣምና አስቀድሞ ይወልወል። ቅርጹንም ለፎቶ ብሎ ቅባት መቀባት አያስፈልግም፤ የሚያብረቀርቀው ነጥብ የመሮውን ሥራ ይሸፍነዋል።

ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱ ጎንና ከሥሩ እናንሣ። ስንጥቅ ካለበት እሱንም ለብቻው ማንሣት ይገባል፤ ገዢው ከእኛ ቢሰማው ይሻላል። ቁመቱ በሳንቲ ሜትር፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የሠሪው ስምና የተሠራበት ዓመት አብረው ይጻፉ። ይህ ለሽያጭ ብቻ አይደለም። ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድ ሰው ሥራውን ሁሉ ተሸክሞ አይሄድም። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የሸክላ ምስል ይሠሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ድረስ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ምስሎቻቸው በየገዢው ቤት ቀርተዋል። ስም ያልተጻፈበትን ምስል የማን እጅ እንደሠራው ዛሬ ማን ይናገራል? ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራልም፤ የፎቶዎቹ ቅጂ በሌላ ዘመድ ስልክ ወይም በሚሞሪ ካርድ ይቀመጥ።