ማሰሪያ አንቀጹና መስፈርቱ፦ የአፈጻጸም ቆጣሪ ድራይቨርን በአማርኛ ስለ መሰነድ

ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው የሚከናወነውን ሥራ የሚቆጥሩ ሬጂስተሮች አሏቸው፤ ያለፉ የሰዓት ዑደቶችን፣ የተፈጸሙ ትእዛዞችን፣ በካሽ ውስጥ ተፈልገው የታጡ መረጃዎችን ይቆጥራሉ። የእነዚህን የአፈጻጸም ቆጣሪዎች ውጤት ለተጠቃሚው ፕሮግራም የሚያደርሰው የከርነሉ ድራይቨር ነው። በሊኑክስ ለዚሁ ተግባር የሚያገለግል የጋራ ሥርዓት የገባው በ2009 እ.ኤ.አ.፣ በ2.6.31 ዕትም ነው። የድራይቨሩ መስፈርቶች በአማርኛ ሲጻፉ ከስያሜው ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ግሡ ነው፤ መስፈርት የሚጠብቀውም ሆነ የሚላላው በማሰሪያ አንቀጹ ነውና።

ስያሜው አንባቢውን አያስቸግርም። «ቆጣሪ» የተባለውን ዕቃ ከመብራትና ከውኃ አገልግሎት ያውቀዋል፤ አሃዞቹ ሲሞሉ ወደ ዜሮ እንደሚመለስም ይገባዋል። በሰከንድ 3 ቢሊዮን ዑደት በሚሠራ ፕሮሰሰር፣ ባለ 32 ቢት የዑደት ቆጣሪ ከ1.5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይሞላል፤ ባለ 48 ቢቱ 26 ሰዓት ያህል ይቆያል። አሁን «ቆጣሪው ሲሞላ ይመዘገባል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ፣ የተደራጊው ግሥ ባለቤቱን ይሰውረዋል። መዝጋቢው ሃርድዌሩ ነው ወይስ ድራይቨሩ? ሁለቱም ወገኖች ሥራው የሌላው ነው ብለው ከተዉት ድምሩ ይጎድላል። ስለዚህ እንዲህ መጻፍ ይሻላል፦ «ቆጣሪው ሞልቶ ወደ ዜሮ ሲመለስ፣ ድራይቨሩ የማቋረጫ ምልክቱን ተቀብሎ የሞላውን መጠን በ64 ቢት ድምር ላይ መጨመር አለበት።»

ሁለተኛው እንቅፋት «ይችላል» ነው፤ ቃሉ ችሎታንም ፈቃድንም ይገልጻል። «ተራ ተጠቃሚ የከርነሉን ሥራ መቁጠር አይችልም» የሚለውን ያነበበ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ ክልከላውን ሃርድዌሩ የሚፈጽመው መስሎት ማጣሪያውን ሳይጽፍ ሊያልፍ ይችላል። ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ የቆጣሪ ውጤት የሌላን ፕሮግራም ምስጢር ሊያጋልጥ ይችላልና። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የሊኑክስ 5.8 ዕትም ለዚህ ሥራ ለብቻው የሚሰጥ ፈቃድ ማስገባቱ ጉዳዩ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል። መስፈርቱ «ፈቃድ የሌለው ተጠቃሚ የከርነሉን ሥራ ለመቁጠር ሲጠይቅ፣ ድራይቨሩ ጥያቄውን ውድቅ ማድረግ አለበት» ቢባል ግን አሻሚነቱ ይወገዳል።

ሦስተኛው በተቆጠረና በተገመተ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የተጠየቁት ድርጊቶች ከቆጣሪዎቹ ሲበልጡ ከርነሉ ተራ ያስይዛቸዋል። አንድ ድርጊት ከ3 ሰከንድ ውስጥ ለ2 ሰከንድ ብቻ ተቆጥሮ 300,000 ቢደርስ፣ ለሙሉው ጊዜ የሚሰጠው 450,000 ግምት ነው። «ቁጥሩ ይሰጣል» የሚለው አነጋገር ይህን ስለሚሸፍን፣ ድራይቨሩ ከቁጥሩ ጋር የተጠየቀውንና በእርግጥ የተቆጠረበትን ጊዜ ማቅረብ እንዳለበት በግልጽ ይጻፍ።

በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ቁጥር 2119 ለእንግሊዝኛ የግዴታ ቃላት ደረጃ አውጥቶላቸዋል። በአማርኛም ለግዴታ «አለበት»፣ ለምክር «ይመከራል»፣ ለፈቃድ «ይፈቀድለታል» ተብሎ በሰነዱ መግቢያ ቢበየንና እስከ መጨረሻው ቢጠበቅ፣ እያንዳንዱ መስፈርት ባለቤቱ የታወቀ፣ መፈጸም አለመፈጸሙም በፍተሻ የሚረጋገጥ ይሆናል።