በባንኮክ ከቦታ ቦታ እንዴት ይኬዳል?

ወደ ባንኮክ ለመሄድ የሚሰናዳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሆቴሉን ዋጋ ነው። እኔ ግን ዋጋውን ከማየቱ በፊት የባቡር ካርታውን እንዲያይ እመክራለሁ። በዚህች ከተማ አምስት ኪሎ ሜትር አንዳንዴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ልዩነቱን የሚያመጣው ማደሪያዎ ለባቡር ጣቢያ ወይም ለጀልባ ማቆሚያ ምን ያህል ይቀርባል የሚለው ነው። ለሕክምና የሄደም፣ ከፕራቱናም ገበያ ልብስ ሊያመጣ የሄደም፣ ቤተ መቅደሶቹን ሊጎበኝ የሄደም ከዚህ አያመልጥም።

የመጨናነቁ ምክንያት ከመኪናው ብዛት አልፎ ወደ ከተማዋ አመሠራረት ይሄዳል። ባንኮክ በውሃ ላይ ያደገች ከተማ ናት። ሰዉ ይመላለስ የነበረው በቻኦ ፕራያ ወንዝና ከወንዙ በተጠለፉ ቦዮች ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ መንገድ መሥራት ሲጀመር ብዙዎቹ ቦዮች ቀስ በቀስ ተደፍነው አስፋልት ሆኑ። በየዳሩ የነበሩት ረጃጅምና ጠባብ የሩዝ ማሳዎች ደግሞ እየተሸነሸኑ ሲሸጡ፣ እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ መሬት መሐል ቅያስ አወጣ። ታይላንዶች ቅያሱን «ሶይ» ይሉታል። ብዙዎቹ ሶዮች መጨረሻቸው ዝግ ነው፤ እርስ በርስም አይገናኙም። ከአጥር ባሻገር ወደሚታይ ቤት ለመድረስ እንኳ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ ዞሮ መግባት ግድ ይላል። ሁሉም መኪና በጥቂት ጎዳናዎች ላይ የሚከማቸው ለዚህ ነው።

ሶዮቹ ቁጥር አላቸው። በአንዱ ወገን 1፣ 3፣ 5 እያለ ይሄዳል፤ በማዶው 2፣ 4፣ 6። ሁለቱ ወገኖች ግን እኩል አይራመዱም። በሱኩምዊት ጎዳና ላይ ከሶይ 55 ማዶ የሚገኘው ሶይ 38 ነው። ስለዚህ አድራሻ ሲቀበሉ የሶዩን ቁጥር ብቻ አይያዙ፤ ቅርብ የሆነውን ጣቢያ ስም አብረው ይጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ መጨናነቅ የሚያወጣዎት ባቡሩ ነው። ከመንገዱ በላይ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ የሚሄደው ቢቲኤስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ሥራ ጀመረ። በመሐል ከተማ ከመሬት በታች የሚሄደው ኤምአርቲ ደግሞ በ2004 ተከፈተ። እንግዳውን የሚያደናግረው ሁለቱ የተለያዩ ድርጅቶች መሆናቸው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ከበሩ ወጥተው እንደገና ይከፍላሉ። በዚያ ላይ የሚገናኙባቸው ጣቢያዎች ስም ይለያያል፤ ቢቲኤስ «አሶክ» የሚለውን ቦታ ኤምአርቲ «ሱኩምዊት» ይለዋል። የቢቲኤስ ሁለቱ ዋና መስመሮች የሚገናኙት ሳያም ጣቢያ ላይ ስለሆነ ያንን አንድ ስም ማወቅ ብዙ ይረዳል።

አከፋፈሉ እንደ ርቀቱ ነው። የቢቲኤስ ትኬት ስስ ካርድ ሲሆን፣ የኤምአርቲው ክብና ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ሲገቡ በሩ ላይ አስነክተው ይይዙታል፤ ሲወጡ ቀዳዳው ውስጥ ይጥሉታል። በኤምአርቲ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ የባንክ ካርድ ያለው ሰው ትኬት ሳይገዛ ካርዱን አስነክቶ ማለፍ ይችላል። በቢቲኤስ ለሚመላለስ ሰው ራቢት የሚባለውን ካርድ ማውጣት ይሻላል፤ ለማውጣት ፓስፖርት ይዘው ይሂዱ። ባቡሮቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ እስከ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይሠራሉ። ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ ከ11 እስከ 2 ሰዓት ሰው ይበዛል፤ ሻንጣ የያዘ ሰው በእነዚያ ሰዓቶች ባይሳፈር መልካም ነው። ሰልፉ የሚያዘው ወለሉ ላይ በተሠመረው ምልክት ሲሆን፣ ማንም አይጋፋም። ጠዋት 2 ሰዓትና ምሽት 12 ሰዓት ላይ በጣቢያው የብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል፤ እርስዎም ይቁሙ። መነኮሳት ቅድሚያ የሚያገኙባቸው መቀመጫዎች አሉ። ሴት መነኩሴን መንካት የለባትም፤ ስለዚህ አጠገባቸው ከመቀመጥ መቆም ይሻላል።

ከሱዋናፑም ኤርፖርት ወደ ከተማ የሚያስገባው ባቡር የሚነሳው ከተርሚናሉ ምድር ቤት ነው። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ፓያ ታይ ያደርሳል፤ ዋጋውም እስከ 45 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው። ፓያ ታይ ላይ ቢቲኤስ፣ ከዚያ በፊት ማካሳን ላይ ደግሞ ኤምአርቲ ይገኛል። ብዙ ሻንጣ ያለው ሰው ግን ታክሲ ይያዝ። ወደ አንደኛው ፎቅ ወርደው ከማሽኑ ቁጥር ያለበት ወረቀት ሲወስዱ ታክሲው የቆመበትን ቦታ ይነግርዎታል። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አይጣሉት፤ ቅሬታ ቢኖር ማስረጃዎ እሱ ነው። ቆጣሪው ከ35 ባት ይነሳል፤ ከኤርፖርት ለተነሳ 50 ባት ይጨመራል፤ የፈጣን መንገዱን ክፍያም ተሳፋሪው ይችላል። ከተማ ውስጥ ሹፌሩ «ሚተር» አልከፍትም ካለ አይከራከሩ፤ ወርደው ሌላ ያስቁሙ። የጎብኚ መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ከሚጠብቅ ታክሲ ይልቅ መንገድ ላይ ሲያልፍ የሚያስቆሙት ይሻላል። እንደ ግራብና ቦልት ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች ዋጋውን አስቀድመው ስለሚያሳዩ ጭቅጭቁን ያስቀራሉ።

ሶዩ ረጅም ከሆነ መግቢያው ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ የሞተር ታክሲዎች ይሰለፋሉ። ለአጭር መንገድ የሚወዳደራቸው የለም፤ የራስ ቁር ግን ይጠይቁ። ቱክቱክ የሚሉት የኛው ባጃጅ ነው፤ በቆጣሪ ስለማይሠራ ከመሳፈር በፊት ዋጋ መቁረጥ ያስፈልጋል። በንጉሡ ቤተ መንግሥት አካባቢ ደህና የለበሰና ትሁት የሆነ ሰው ቀርቦ «ዛሬ ዝግ ነው፤ በርካሽ ሌላ ቦታ ላስጎብኝዎት» ካለዎት ደላላ ነው። ባጃጁ የሚወስድዎት ወደ ጌጣጌጥ ወይም ወደ ልብስ ስፌት ሱቅ ነው። መዘጋቱን በሩ ላይ ደርሰው በዓይንዎ ይዩ።

ወደ አሮጌው ከተማ ሲሆን ጀልባውን ከሁሉም አስቀድማለሁ። ቢቲኤስ ሳፓን ታክሲን ጣቢያ ሲወርዱ ሳቶን የተባለው ወደብ ከድልድዩ ሥር ነው። እዚያ ለቱሪስት ጀልባ ትኬት የሚሸጡ ሰዎች ይጣራሉ፤ ከተሜው የሚሳፈረው ግን ብርቱካናማ ባንዲራ ባለው ጀልባ ነው፤ ዋጋውም በጣም ያነሰ ነው። ታ ቻንግ ላይ ሲወርዱ ለቤተ መንግሥቱ፣ ታ ቲየን ላይ ሲወርዱ ለዋት ፖ ቤተ መቅደስ ይቀርባሉ። ከታ ቲየን በጥቂት ባት የሚያሻግር ትንሽ ጀልባ ማዶ ወዳለው የዋት አሩን ቤተ መቅደስ ያደርሳል።

ሌላው በሴን ሴፕ ቦይ ላይ የሚሄደው ነው። ከአሮጌው ከተማ ጫፍ ተነስቶ ፕራቱናም ገበያንና ናናን እያቋረጠ ወደ ምሥራቅ ይዘልቃል። ከላይ ያለው መንገድ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ሲቆም፣ ጀልባው ከሥር ይከንፋል። ረዳቶቹ የራስ ቁር አድርገው በጀልባው ጠርዝ ላይ እየተራመዱ ሒሳብ ይሰበስባሉ፤ ድልድዩ ዝቅ ሲል የጀልባው ጣሪያም አብሮ ዝቅ ይላል። ውሃው ንጹሕ ስላልሆነ፣ ከፊት ሌላ ጀልባ ሲመጣ ዳር የተቀመጠው ሰው ገመድ ስቦ የፕላስቲኩን መከለያ ከፍ ያደርጋል። ዳር ከተቀመጡ ገመዱን መሳብ የእርስዎ ድርሻ ነው። ፕራቱናም ላይ ሁሉም ሰው ወርዶ ጀልባ ይቀይራል። ዝርዝር ገንዘብ ይያዙ፤ አገልግሎቱ አምሽቶ ስለማይቆይም ለማታ ጉዞ አይተማመኑበት።

ታማሚ ይዘው ለሚሄዱ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። የቢቲኤስ ጣቢያዎች ከፍ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ደረጃቸው ብዙ ነው፤ አሳንሰር ቢኖርም በሁሉም መውጫ አይገኝም። አቅም ለሌላቸው እናት ወይም አባት ርካሽ ሆቴል ከሩቅ መያዝ በየቀኑ በመኪና ውስጥ ማሰቃየት ነው። በሱኩምዊት ሶይ 1 እና 3 መካከል ላለው ቡምሩንግራድ ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ሰው በእግር ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ሊደርስ የሚችልበት ቦታ ይከራይ።

እግረኛም ይጠንቀቅ። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይመልከቱ፤ ሞተሮች በእግረኛ መንገድ ላይም ይመጣሉ። ሰዓቱ ከኛ በአራት ሰዓት ይቀድማል። የአገሬው ሰው በልማድ ምሽቱን ሲቆጥር እንደኛ ከ1 ይጀምራል፤ የጉዞ ሰሌዳው ሁሉ ግን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በረራዎ 00:30 ከተጻፈ ኤርፖርት መድረስ ያለብዎት ከዚያ ቀን በፊት ባለው ምሽት ነው፤ በዚህ ቀኑን ማሳሳት ቀላል ነው። ከተማዋ ሁለት ኤርፖርት ስላላት ሲመለሱ ለሹፌሩ ሱዋናፑም ይሁን ዶን ሙዋንግ ለይተው ይንገሩ። የመጀመሪያው በምሥራቅ፣ ሁለተኛው በሰሜን ነው፤ አንዱ ጋ በስሕተት የደረሰ ሰው በሥራ መውጫ ሰዓት ወደ ሌላው በጊዜ መድረሱ ያጠራጥራል።