መብራት ከመጥፋቱ በፊት ለምን ይፈዛል?

ባለፈው ሳምንት ማታ ጥናት ላይ ሳለን አምፖሎቹ ፈዘዙ፤ ማራገቢያውም መዞር አቃተው፤ ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ድርግም አለ። ብንወጣ ሲቀላም ሴቻም ጨልመዋል። አንዱ ጓደኛችን «ግድቡ ውሃ አልቆበት ነው» አለ፤ ሌላው ደግሞ «አባያና ጫሞ አጠገባችን ተኝተው እኛ በጨለማ!» ብሎ አሳቀን። (ሐይቅ ተኝቶ መብራት አይሰጥም፤ ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ያስፈልጋል። የጊቤ 3 ግድብ 243 ሜትር የቆመው ለዚሁ ነው።) ነገ ተማሪ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን ብለን ስለተጨነቅን፣ ጉዳዩን ከፊዚክስ ትምህርታችን ጋር አያይዘን እንደሚከተለው አቅርበናል።

የኃይል እጥረት ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ የጊቤ 2 ዋሻ በጥር 2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተንዶ ጣቢያው ለወራት ሥራ አቁሟል። እንዲህ ያለው ጉድለት በፈረቃ ሊዳረስ ይችላል። ፈዞ ድርግም ማለት ግን በሰከንዶችና በደቂቃዎች የሚያልቅ ነው፤ ግድቡ ሞልቶም ይደርሳል።

ይኸውም እንዲህ ነው። በመስመር ላይ ሁለት ዓይነት ኃይል ይጓዛል። አንደኛው ምጣድ የሚያግለው፣ ወፍጮ የሚያዞረው ነው። ሁለተኛው ሪአክቲቭ ኃይል ይባላል፤ እህል አይፈጭም፣ ነገር ግን በሞተርና በትራንስፎርመር ውስጥ የማግኔት መስክ የሚፈጥረው፣ ቮልቴጁንም ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ክፉ ጠባዩ ሩቅ መንገድ አለመቻሉ ነው። መስመሩ ሲረዝምና ሲጫን ራሱ መስመሩ ይበላዋል። ከጊቤ 3 የሚወጣው ኃይል በ400 ኪሎ ቮልት ወላይታ ሶዶ ይደርሳል፤ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣው መስመር 132 ኪሎ ቮልት ነው። እኛ እንግዲህ በመስኖ ቦይ ጫፍ ላይ እንዳለ የሙዝ ማሳ ነን።

አሁን አንድ ትልቅ መሣሪያ በድንገት ወደቀ እንበል፤ ከጊቤ 3 አሥር ተርባይኖች አንዱ (እያንዳንዱ 187 ሜጋ ዋት ነው)፣ ወይም አንድ ዋና መስመር። የቀሩት መስመሮች የእሱን ሸክም ይረከባሉ። ከረንቱ እጥፍ ቢሆን መስመሩ የሚበላው ሪአክቲቭ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል።

ጉዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የወፍጮ ሞተር ቮልቴጅ ቀነሰ ብሎ ሥራውን አይቀንስም፤ ይልቁንስ ተጨማሪ ከረንት ይስባል። ምጣድስ? ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲወርድ የሚወስደው ኃይል 19 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይሄ የሚያግዝ ይመስላል። ዳሩ ግን ምጣዱ ቶሎ አይግልም፣ ጋጋሪዋም ሊጡን ሳትጨርስ አትነሣም። ስለሆነም የአንዷ ሳያልቅ የሌላዋ ይጀመራል፤ በአንድ ጊዜ የሚሰካው ምጣድ ይበዛል። በዚህ ላይ በማከፋፈያ ጣቢያ ያለው ትራንስፎርመር የከተማውን ቮልቴጅ ከፍ ለማድረግ ራሱን ያስተካክላል፤ በዚያው ልክ ከደከመው መስመር ይበልጥ ይስባል።

በታኅሣሥ 1976 ዓ.ም. በስዊድን የሆነው ይኸው ነው። የስዊድን ግድቦች በሰሜን፣ ሕዝቡ በብዛት በደቡብ ነው። በስቶክሆልም አቅራቢያ በአንድ ጣቢያ አንድ መቁረጫ መሣሪያ ተበላሸ፤ ጣቢያው ወደቀ፤ የቀሩት መስመሮች ተጨናነቁ፣ ቮልቴጁ ወረደ፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የደቡቡ ክፍል ጨለመ። ግድቦቹ ውሃ አልጎደላቸውም።

መድኃኒቱ ሪአክቲቩን ኃይል ከሩቅ ከመጎተት እተጠቃሚው አጠገብ ማምረት ነው፤ ካፓሲተር በማከፋፈያ ጣቢያ የሚተከለው ለዚህ ነው። ያ ካልበቃ ጥቂት ሠፈሮችን ቶሎ ማጥፋት ይሻላል። የተቆረጠበት ሰው ማማረሩ አይቀርም፣ እኛም አማርረናል፤ ሆኖም ዘግይቶ ሁሉም ከሚጠፋ ያ ይመረጣል ባዮች ነን።

መብራት ሲመለስም ያው ጣጣ አለ፤ ቀዝቅዞ የቆየ ምጣድና ማሞቂያ ሁሉ በአንዴ ይነሣል። መብራት ሲፈዝና ሲሄድ ምጣድና ምድጃን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት ይጠቅማል። ባለፈው ሳምንት እኛ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ ከፍተን፣ የሻይ ማፍያውንም ሰክተን ነበር የጠበቅነው።